ብረትም ይደክማል

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ትንሽ ጮክ በይ ልጄ፣ ሸለብ አድርጎኝ ነበር።

— ማን?… ብሎኔ! አንቺ ነሽ እንዴ!… ኧረ ምንም አይደል፣ ደግ አደረግሽ። መስኮቱ ሥር ወንበሬ ላይ ነኝ። የከሰዓቷ ፀሐይ ጉልበቴ ላይ አርፋ፣ ሕልም እያየሁ ነበር። ጥርሳም የማሽን ጎማዎች ውሃ ላይ ተንሳፍፈው፣ እየተነካኩ፣ ያለ ምንም ድምፅ ሲዞሩ… ተይው፣ የሽማግሌ ሕልም ነው።

— እመቤት! ብሎኔ ናት!… እሷ ናት እንጂ፣ የማተሚያ ቤቷ መካኒክ! እኔ ያሠለጠንኳት!… ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች። ክሩን ይዞ የገባ ብሎን አይወጣም ብዬ ያወጣሁልሽ ስም ዛሬም ያስቃታል።

— ምነው ድምፅሽ?… ታለቅሻለሽ እንዴ?… ቆይ፣ ቆይ። ተንፍሺ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

— እህ… ከትናንት ወዲያ ጠዋት… የትኛው ማንሻ?… የወረቀት ጥቅል የሚያነሳው። ሻፍቱ፣ የሚዞረው ዘንግ፣ ለሁለት?… አምላኬ። ጥቅሉስ?… ወደቀ። ሰው ላይ?… ማን?… ረጅሙ? ያ ወረቀት ተሸካሚው?… እግሩን። ከጉልበቱ በታች።… ነፍሱ ግን ደህና ናት?… ተመስገን። ተመስገን።

— እና አንቺን ምን አገባሽ?… ፎርማኑ እንዲህ ብሎ ጻፈ? «ግራሶ ስላልቀባች ነው»?… ቀብተሻል?… በየሳምንቱ ሰኞ። አምንሻለሁ፣ መሃላ አያስፈልግም።… ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴ ፊት። ሊያባርሩሽ… እ።

— አሁን የት ነሽ?… ዕቃ ግምጃ ቤት። ስብራቱ አጠገብሽ ነው?… ሁለቱም ግማሽ?… ኧረ! እንዳትገጥሚያቸው!… ሁለቱን አፍ ለአፍ እንዳታጋጥሚ ነው የምልሽ! ከተፋተጉ የተጻፈው ይጠፋል።… አዎ፣ ተጽፎበታል። ብረት ሲሰበር እንዴት እንደተሰበረ ራሱ ላይ ጽፎ ነው የሚሄደው። እኔ እንደሆንኩ ዓይኔ ላይ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የቀረኝ። አንቺ እይልኝ፣ እኔ ላንብብ።

— አንዱን አንሺና ወደ መስኮት ውሰጂው። የተሰበረው ፊት ምን ይመስላል?… ሁለት ዓይነት። ቀጥዪ።… አብዛኛው ልስልስ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ።… ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንሽ ቦታ… የሚያብለጨልጭ፣ ሻካራ፣ የተሰበረ ስኳር የሚመስል። ምን ያህል ይሆናል?… የአውራ ጣት ጥፍር? ያን ያህል ብቻ?

— ስሚኝ። ትሰሚኛለሽ?… ሽቦ አንዴ ብታጥፊው አይሰበርም። ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ ስትዪው ግን ይሞቃል፣ ከዚያ እጅሽ ላይ ይቀራል። ሻፍትም እንደዚያው ነው። ጭነቱ ወደ ታች ይስበዋል። ላዩ ይጨመቃል፣ ሥሩ ይለጠጣል። ግማሽ ዙር ሲዞር ላይ የነበረው ታች ይሄዳል፣ የተጨመቀው ይለጠጣል። በዓይን አይታይም፣ ቀጥ ብሎ የሚዞር ነው የሚመስልሽ። እሱ ግን በየዙሩ በስሱ ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይታጠፋል፣ ይቃናል… በቀን ስንት ሺህ ዙር፣ ስንት ዓመት። ብረትም ይደክማል፣ ልጄ።

— ልስልሱ ቀስ እያለ፣ ለዓመታት፣ ማንም ሳይሰማው የተሰነጠቀው ነው። ሻካራው ከትናንት ወዲያ ጠዋት በአንዴ የተበጠሰው ነው። ያን ቀን ጥቅሉን ይዛ የነበረችው ያቺ ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነበረች። ብቻዋን። አስቢው እስቲ።

— አዎ። ግራሶ የኩሽኔታ ነገር ነው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ። ይሄን ስንጥቅ የዓለም ግራሶ ሁሉ ቢፈስበት አያድነውም። አንቺ ንጹሕ ነሽ።… አልቅሺ፣ አሁን እንኳ አልቅሺ።

— እሺ፣ በቃ። አሁን ደግሞ ልስልሱ ላይ መስመሮች አሉ? ቀጫጭን፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ… አሉ! ኩሬ ውስጥ ጠጠር ስትወረውሪ ውሃው እንደሚሠራው። በይ ወደ ኋላ ተከተያቸው። ጠጠሩ የት ነው የወደቀው?… የሻፍቱ ወፍራም ወገን ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ጥግ ላይ። ጥፍርሽን አስኪጂበት። ክብ ነው ወይስ ስለት?… ያዘሽ? ጥፍርሽን ያዘው?

— ምን ዓይነት አህያ ነው ይሄን የሠራው!… ይቅርታ። ግን ጥግ እንዲህ ይተዋል? ጭነት ብረት ውስጥ እንደ ውሃ ነው የሚያልፈው። መታጠፊያው ክብ ከሆነለት ቀስ ብሎ ዞሮ ይሄዳል። ስለት ሲሆንበት ግን ይጋፋል፣ ይታመቃል፣ እዚያችው አንዲት ቦታ ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው የሻፍቱ ንድፍ ሥዕል ላይ «እዚህ ጋ ክብ ይሁን» የሚባለው። በእኔ ጊዜ ቢሆን ያን ሰውዬ ብረት መቅረጫው ቶርኖ አጠገብ አላስደርሰውም ነበር!

— ምን?… ምን አለ ጫፉ ላይ?… አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ።… ነጥቦች። በሹል ብረት የተመቱ። ስንት?… ሦስት።

— …

— አለሁ።… አልተቋረጠም፣ አለሁ። አንዴ ታገሺኝ።

— እመቤት፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ።… የለም፣ አላመመኝም። ውሃ ብቻ።

— ብሎኔ። አህያው እኔ ነኝ።… የእኔ ምልክት ነው። ቶርኖ ላይ ሳለሁ የጨረስኩት ሁሉ ጫፍ ላይ ሦስት ነጥብ እመታበት ነበር። አንቺ አልደረስሽበትም።… ኩራት ነበረኛ! ሰው አይቶ «ይሄስ የእሱ እጅ ነው» እንዲል።… ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። አስታውሰዋለሁ።

— ቆይ፣ አታባብዪኝ። ቆይ!… አራት ነበሩ።… ሻፍቶቹ! በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአራት ማንሻዎች አራት ሻፍት ነው የሠራሁት። ሌሎቹ የት ናቸው?… ሁለቱ ማንሻዎች ተነቅለው ቀልጠዋል። እሺ። አራተኛውስ?… ጥረዛ ክፍል? ሴቶቹ መጽሐፍ የሚሰፉበት ጠረጴዛ በላይ ያለው?… አሁን እየሠራ ነው? አሁን?… ሂጂ! ስልኩን አትዝጊ፣ ይዘሽው ሂጂ። ሩጪ እንጂ!

— …

— እሰማለሁ፣ እሰማለሁ… ኮሪደሩ ነው፣ ጫማሽ ያስተጋባል… በሩ… ኦ። ትልቁ ማተሚያ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት አልሰማሁትም።

— እመቤት፣ ነይ፣ ጆሮሽን አስጠጊ። ትሰሚያለሽ? ወረቀቱ በሮለሮቹ መካከል ሲያልፍ ነው። ዝናብ አይመስልም? ያቺ ጢክ፣ ጢክ የምትለዋ ደግሞ አንዲት የዕንቁላል ቅርጽ ያላት ብረት ናት። ክብ ብትሆን ዝም ብላ ትዞር ነበር። ጎኗ ስለወጣ በየዙሩ ያንን ክንድ አንዴ ብድግ ታደርገዋለች፣ ክንዱ ወረቀቱን ይይዛል፣ ይለቃል። መዞርን መነሣት ታደርገዋለች። ስንት ቀን ሥራዬን ትቼ እሷን ሳይ ውያለሁ… አሁን ልጅቷ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሦስት ደረጃ። አንድ… ሁለት… ወረደች። ይገርምሻል፣ ወለሉ እግሬ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። እዚህ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ሆኜ።

— ብሎኔ? ደረስሽ?… ጥቅሉ አየር ላይ ነው?… እንግዲያው በድንገት እንዳታቆሚው! መጀመሪያ ሴቶቹ ይነሱ። ጩኺባቸው፣ ግድ የለም ይቀየሙሽ።… ተነሱ?… ሁሉም?… አሁን ቀስ አድርገሽ አውርጂው። ቀስ… ቀስ… ወለል ነካ?… ማብሪያውን አጥፊ፣ ቁልፉንም ነቅለሽ ኪስሽ ክተቺ። እፎይ።

— ማነው የሚጮኸው?… ፎርማኑ። ስልኩን ስጪው እስቲ።… አልቀበልም አለ? ተይው፣ ብረቱ ራሱ ይንገረው። ክዳኑን ክፈቺና ያንን ጥግ በጨርቅ ጥረጊ። ላምባ አለ?… እሱ፣ ነጭ ጋዝ። ጥጉን ዙሪያውን ቀቢው። ከዚያ ተይው፣ ይጠጣ። ስንጥቅ ካለ ላምባው ይገባበታል፣ ዓይን የማይገባበት ቦታ ይገባል።… አሥር ደቂቃ። ፎርማኑን «አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን ጻፍ» በይው።

— …

— አለሁ። አብረን እንጠብቅ።… ምን ሆኜ ነው እንዲህ የሠራሁት? ጠየቅሽኝ እንግዲህ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያኔ ዓይኔ ጀምሮኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የመለኪያዬ የካሊፐሩ መስመሮች ጉም ይሆኑብኝ ነበር። ለማን እናገራለሁ? የማተሚያ ቤቱ አንደኛ ቶርኖ ሠራተኛ እኔ፣ ከባድ ሥራ ሲመጣ «ለእሱ ስጡት» የሚባለው እኔ። ሥዕሉ ላይ ያለችዋን ትንሽ ክብ አላየኋትም። ሻፍቱን በመዳፌ ዳበስኩት፣ እንደ ሐር ለስልሷል፣ ነጥቤን መታሁ። ጥጉ ውስጥ ጣቴ አልገባም። በዓመቱ ወገቤን አመመኝ ብዬ ከማሽኑ ወረድኩ። ወገቤ ምንም አልነበረበትም።

— አዎ፣ አንቺ የመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው። «ዓይንሽን ጨፍኚና ኩሽኔታውን ስሚው፣ በጣትሽ ለኪው» ስልሽ ጥበብ ይመስልሽ ነበር። ጥበብ አልነበረም፣ ልጄ። ሌላ የማስተምርበት ነገር ስለሌለኝ ነው።

— … እንደዚያ ይሰማሻል?… እሺ። ከጠቀመሽ እሰየው።

— እመቤት፣ ምን ያስቅሻል?… ታውቂ ነበር?… ብሎኔ፣ አውቅ ነበር እኮ ትላለች! አንድ ቀን ሻዬ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ጨምሬ፣ ፊቴን ሳላጨማድድ ጠጥቼ ጨረስኩት አሉ። ያኔ ነው ያወቅኩት ትላለች።… እና ለምን ዝም አልሽ?… «አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ» ትላለች። አሥራ ስምንት ዓመት… ነይ እዚህ ተቀመጪ። እጅሽን ስጪኝ።

— አዎ፣ አዎ፣ አለሁ። ደረሰ?… ጥረጊው። ደረቅ እስኪል። አሁን ጠመኔ… ሰሌዳው ሥር ካለው አምጪ። ፈጭተሽ ነጭ እስኪሆን አልብሺው። በቃ። እንግዲህ እጅሽን ሰብስቢና ጠብቂ። ውስጥ የተደበቀ ላምባ ካለ ጠመኔው ይስበዋል።

— …

— ምን አየሽ?… ንገሪኝ እንጂ።… መስመር። ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር።… እየረዘመች?… የዙሪያው ሩብ። እ…

— ፎርማኑ አየ?… ኮፍያውን አወለቀ። ሴቶቹስ?… ቆመው እያዩ ነው። ስንት ናቸው?… ዘጠኝ።… አንደኛዋ ምን? እርጉዝ።

— አይ፣ አይ። እኔ አላዳንኳቸውም። የሮጥሽው አንቺ ነሽ። እኔማ በላያቸው የሰቀልኩት ነኝ።

— ነገ እመጣለሁ።… እመጣለሁ አልኩ እኮ።… «ማን እንደሠራው አይታወቅም» አትበያቸው፣ ይታወቃል። እኔው ሠርቼ አንቺ እንድትጠየቂበት ነው?… ስሜ? ስሜስ ብረቱ ላይ ነው ያለው፣ ደግሞ አጥብቄ ነው የመታሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነይና ውሰጂኝ፣ ደረጃውን ብቻዬን አልወጣውም። ስብራቱን እስከዚያ ለየብቻ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው።

— ብሎኔ፣ አንዲት ነገር። የረጅሙ ስልክ አለሽ?… ሐኪም ቤት ቢሆንም ያነሳል አይደል?… ዛሬ፣ አሁን። ነገ ከሰው ከሚሰማው ከእኔው አፍ ይስማ።… ምን እንደምለው አላውቅም።… ይሰድበኝ ይሆናል። ይስደበኝ።

— ቀስ እያልሽ ጥሪልኝ። እመቤት፣ እርሳስ ያዢ።… እ… እሺ… እ… የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ድገሚያቸው።… ያዘችው፣ ጽፋዋለች።

— በይ ልጄ፣ ልዝጋ። ልቤ ሳይሸሽብኝ ልደውልለት።… እሺ። እሺ። አይዞሽ። ደህና ዋዪ።

— እመቤት፣ ነይ፣ ቁጥሩን አንቺ ንኪልኝ።… አይ፣ ስልኩን እኔው እይዘዋለሁ።