በአርባ ጥንድ ጫማ ላይ «ስጦታ» ብሎ መጻፍ

እኚህን አሮጊት ሰፈሩ «ድርብ ስፌት» ይላቸዋል። የሕፃን ጫማ ሲሰፉ ክሩን ሁለት ጊዜ ያመላልሱታል፤ በር ከቆለፉ በኋላ ተመልሰው ይገፉታል፤ ልጅ ካስነጠሰ ሁለት ሐኪም ያሰኛቸዋል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አርባ ጥንድ የቆዳ ጫማ በጨርቅ ቋጥረው ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ያዘግሙ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በማግስቱ ባሕር ማዶ ትሄዳለችና ቋጠሮውን በሻንጣዋ ልትወስድላቸው ነው። ከጉምሩክ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲደርሱ የገዛ የልጅ ልጃቸው ከበሩ ስትወጣ አዩ። ቋጠሮውን እንደያዙ ተቻኩለው ደረሱባት።

«ምን አድርገሽ ነው የያዙሽ?»

«ማንም አልያዘኝም እማዬ። በእግሬ ገባሁ፣ በእግሬ ወጣሁ።»

«እዚያ በእግሩ የገባ ሁሉ በእግሩ ይወጣል ያለሽ ማነው?»

ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ከግንቡ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቋጠሮውን አየች፤ ላዩ ላይ በደማቅ ቀለም «ስጦታ» የሚል ተጽፎበታል።

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ጽፈሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ባለፈው የሆነው እንዲህ ነው። ዕቃውን የያዘችው የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ነበረች። በዚያኛው አገር ፈታሹ ሻንጣዋን ከፍቶ አርባ ጥንድ አንድ ዓይነት ጫማ ሲያይ፣ «እሜቴ፣ ስንት ወልደው ነው?» ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቃት። ጫማው እዚያው ቀረ። ማዶ ሆና ያዘዘችው ባለሱቅም ጻፈች፦ ስፌታችሁን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ወረቀት የሌለውን ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጥም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በደንቡ ካልደረሰኝ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ። በዚህ ትእዛዝ የሚኖሩት ደግሞ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ አይደሉም፤ በፊተኛው ክፍል አብረዋቸው የሚሰፉ ሦስት እናቶችም ናቸው።

«አያትሽን የጣለው ይህ ግንብ ነው» አሉ አሮጊቷ። «አሥራ አንድ መስኮት! በአንዱ ማኅተሙ አለ፣ መቺው የለም፤ በሌላው መቺው አለ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ሦስት ወር ሲመላለስ የሰፋቸው ቦርሳዎች መጋዘን ውስጥ ሻገቱ። ከዚያ ወዲያ ወስፌ አልጨበጠም።»

«የዚያን ጊዜውን አልከራከርሽም። አሁን ግን ለትንንሽ ላኪዎች አሳጥረውታል። አንድ መስኮት፣ አንድ ገጽ።»

«አጭር ወረቀት ረጅም ጣጣ አለው። ስማችን አንዴ መዝገብ ከገባ ማን ያወጣዋል?»

«ስማችን እኮ በንግድ ፈቃዱ ላይ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ የምታሳዪው አንቺ ነሽ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጅቱ ወረቀቱን ሞልታ መስጠቷንና የወጣችውም ዕቃውን አምጪና እንየው ስላሏት እንደሆነ ነገረቻቸው። «እንግዲያው እኔም ልግባ፤ ብቻሽን አልለቅሽም» አሉና ተነሡ።

ከመስኮቱ ኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሠራተኛ ነበረች። ወንበር ሳበችላቸው። እሳቸው ግን ቆመው መጠየቅ ጀመሩ።

«የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝና፣ መሥሪያ ቤት ያለ ምክንያት ነገር አያሳጥርም። ምን አስባችሁ ነው?»

ሠራተኛዋ ሳቀች። «እኛም አልቻልነውም እማማ። ለአንድ መርከብ ሙሉ ብረት የምንጠይቀውን ወረቀት ሁሉ ለአንድ ካርቶን ጫማም እንጠይቅ ነበር። ትልቁ ነጋዴ ለወረቀቱ ሰው ይቀጥራል። ትንሹ ግን ወይ ንግዱን ይተወዋል፣ ወይ በሰው ሻንጣ ይደብቀዋል። ከሁለቱስ አገራችን ምን ታገኛለች?»

«ብንሳሳትስ?»

«ሳይጫን ከደረሱበት መጥተው ያርሙታል። አውቆ መዋሸት ነው የሚያስጠይቀው።»

«ቢጠፋስ?»

«ቁጥር ስላለው የት እንደደረሰ እንጠይቅልዎታለን። በሻንጣ የላኩት ሲጠፋ ማንን ጠየቁ?»

ማንንም አልጠየቁም። ስጦታ ነው ካሉ በኋላ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ይልቅ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው፦ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ በማታውቀው አገር፣ ቋንቋው በማይገባት ሰው ፊት፣ ሕፃን አዝላ ስድስት ሰዓት ቆማ ነበር። ለገዛ የልጅ ልጃቸው የፈሩትን ሁሉ በሰው ልጅ ትከሻ ላይ ጭነውት ኖሯል። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሸክሙን ከራስ ላይ ያወርድና የማያውቅ ሰው ላይ ያስቀምጠዋል። አሁን ደግሞ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሊያስይዙ ነበር።

ቋጠሮውን መስኮቱ ላይ አኖሩና ራሳቸው ፈቱት።

«ለሽያጭ ነው» አሉ። «አርባ ጥንድ። ቁጠሪው።»

ሠራተኛዋ ቆጠረች፣ መዘነች፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። «ሶሉ ጎማ ነው ይላል።»

«ጎማ?» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ጎማ ብለሽ ጻፍሽ? ቆዳ ነው እንጂ፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ቆዳ!»

«ከአንድ ፋብሪካ የጫማ ዝርዝር ላይ ቀድቼው ነው፤ ይቅርታ እማዬ።»

«እንኳን አብረው ገቡ» አለች ሠራተኛዋ እያረመች። «ፍተሻ ላይ ከወረቀቱ የተለየ ነገር ቢያገኙ ኖሮ ዕቃው ሊመለስ ይችል ነበር።»

ካርቶኑ በዚያው ቀን ተላከ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ባለሱቋ ደረሰኝ ብላ ጻፈች፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ሃምሳ ጥንድም ጨመረች። ሦስቱ እናቶች ከሥራቸው አልተነሡም፤ እንዲያውም አራተኛ ተፈለገች። ጫማውም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊዎቹ ስም ሄደ።

ያን ሳምንት ሳሙና የምትሠራው ጎረቤት መጥታ፣ «እኔም ማዶ የሚፈልግልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሻንጣ ያለው መንገደኛ ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«አላውቅም» አሉ አሮጊቷ። «የሰው ልጅ አታስይዢ። ያለውን እንዳለ ጻፊ፤ ውስጡ ምን እንደገባ ደግሞ አንቺው ንገሪያቸው፣ ከሌላ ወረቀት እንዳይቀዱብሽ። መስኮቷ ጠዋት ጠዋት ሰው አይበዛባትም። ብቻሽን ከፈራሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።»