ከጨዋታ ያስወጧት ዕለት

ከአስከተማ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አቅፋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ታወራለች። ልጅቱ ጆሮዋ እንደማይሰማ ከወሬያቸው ስረዳ አዘንሁላትና ልሰጣት ብዬ ከረሜላ ከኪሴ አወጣሁ።

«ትናንት የጎረቤት ልጆች ከሰኞ ማክሰኞ አስወጧት፣ አባባ።»

«ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው! የማትሰማ ልጅ?»

«መስመር ረግጣ ነዋ!»

«ብትረግጥስ? ምስኪን አይደለች?»

«እስከ ዛሬ እንደዚያ እያሉ ሲያሳልፏት ኖሩ። ስትረግጥ ዝም፣ ተራ ስትነጥቅ ዝም። እንደ እናንተው አጫውቷት ብዬ የለመንኋቸው እኔው ነኝ።»

«አላለቀሰችም?»

«አለቀሰች እንጂ! መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም መስመሩንና እግሯን በእጄ አሳየኋት።»

«ከዚያስ?»

«ዓይኗን ጠርጋ ተራዋን ጠበቀች። የጓደኛዋ እግር መስመር ሲነካ እሷም በጣቷ አሳይታ አስወጣቻት። ያችም እየሳቀች ወጣችላት።»

«አንቺስ?»

«እልል አልሁ!»

«እንዲያ ከሆነ እኔንም ከተነሣን ጀምራ በእግሯ ትመታኛለች። አዝኜላት ነው ዝም ያልሁ። ንገሪልኝ!»

«እርስዎው ይንገሯት፣ በእጅዎ። ይገባታል።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎም እግሯን አሳይተው ጣታቸውን ወዘወዙ። ልጅቱ አየት አደረገቻቸውና እግሯን ሰበሰበች።

እኔም ያወጣሁትን ከረሜላ ወደ ኪሴ መለስሁ።