የአባት ወገን ሲጠየቅ

ድሮ የሰማሁት ንግግር ነው፤ ግማሹ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። የእኔን የመጻሕፍት መጠረዣና የጎረቤቴን የልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነበር። ሙጫው እስኪደርቅልኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ መጣ።

«ጥጥ ብቻ ከሆነ ይቀላል፤ ትከሻዬ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል» አለች።

«እንግዲያው መሐሉ ላይ ሩዝ እጨምርበታለሁ። ክብደቱ ይስተካከላል» አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ የተባባሉትን አላስታውስም። የመጨረሻው ግን አልጠፋኝም። «ለማንም እንዳትናገር፤ በአባታችን አጥንት ማልልኝ!» ስትል፣ «ይኸው ማልኩልሽ፣ እቴቴ» አላት።

እቴቴ የሚላት ታላቅ እኅቱን ነበር። ምን እንደሚሰፋላት ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የሰው ገመና ነውና ልገምትም አልፈለግሁም። ጥቂት ዓመታት ቆይታ አረፈች። «የልብ ሕመም ነው» ተባለ። እኛም ቀብረን ተመለስን።

ይህ ሁሉ የታወሰኝ በቅርቡ ነው። የኮቴ ገበር ቢተረተርብኝ ወደ ጎረቤቴ ገባሁ። ሽማግሌው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ኮቱን ገለባበጠው።

«ይህ ኮት ገና አልሞተም እንዴ?» አለኝ።

«እርስዎ እያሉ እንዴት ብሎ ይሞታል፣ ጋሼ?»

እየተሳሳቅን ሳለ ሴት ልጁ ገባች። ነርስ ናት። ሌላ ጊዜ ስትመጣ አባቷን ስማ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ፊጥ ብላ፣ የዋለችበትን ታወራለች። ያን ዕለት ግን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ነርሳችን መጣች! ምነው እንደ እንግዳ ቆምሽ?» አላት አባቷ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። እቴቴ የሞተችው በምንድን ነው?»

ኮቱን ያገላብጥ የነበረው እጁ ቆመ።

«በልብ ነዋ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ልቧን የመረመራት ማን ነው?»

«ልቧ መቆሙን ለማወቅ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? የሞተ ሁሉ ልቡ ይቆማል!»

እኔ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ኮምፔንሳቶው ሄደ፤ ቶሎ መለስኩት።

«ለሥራ ፈልጌው ነው» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ግን የሥራ ድምፅ አልነበረም። «ከአባት ወገን በጡት ካንሰር የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል።»

«ይህንን የእናትሽን ወገን ጠይቂ። የጡት ነገር የሴት ነው። ጡት የሌለው ወንድ የጡት በሽታ ያወርሳል ማለት በሬ ወለደ ማለት ነው።»

«በሬስ አይወልድም። ጥጃዋ ግን ግማሽ አካሏ የኮርማው ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሳይወድ ፈገግ አለ። እሷም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ጠጋ አለችና የተተረተረውን ኮቴን አነሳች።

«ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳቱ ያረጀውን ለመተካት ይባዛሉ። ሲባዙ ታዲያ በውስጣቸው ያለው የአሠራር መመሪያ እንደዚህ ገበር እዚህም እዚያም ይተረተራል። ያንን የሚጠግኑ፣ አልጠገን ሲልም ‹በቃ፣ ከዚህ በላይ አትባዛ› ብለው የሚያስቆሙ ዘረመሎች አሉ። ዕጢ ገቺ ይሏቸዋል። እያንዳንዳቸው ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። አንድ ስፌት ቤት ውስጥ ሁለት ጠጋኞች ተቀጥረዋል እንበል።»

«አንዱ ቢቀር ሌላው ይሠራል» አለ አባቷ። ነገሩ ወደ ሙያው ሲመጣ ጆሮውን ሰጣት።

«ልክ ነው። አንዱ ጠጋኝ ከመጀመሪያው እጁ የማይሠራ ሆኖ ቢመጣስ? ሥራው ሁሉ በአንዱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሰውየው ግን ጤነኛ ነው፤ ምንም አይታወቀውም። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያ የቀረው ጠጋኝም የተሰናከለ ቀን ግን ቀዳዳው በቀዳዳ ላይ ይከመራል፤ ሕዋሱም ተው ባይ አጥቶ ይባዛል። ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ነው።»

«እና ያንን እጀ ሰባራ ጠጋኝ የሚያወርሰው አባት ነው?»

«አባትም ያወርሳል፣ እናትም ታወርሳለች። ወንዱ ራሱ ሳይታመም ተሸክሞት ይኖርና ለልጁ ያስተላልፈዋል። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስም ያለመውረስም ዕድሉ እኩል ነው። አልፎ አልፎ ወንዱም ራሱ በጡት ካንሰር ይታመማል።»

ይህን ነገር እኔም ከምጠርዛቸው መጻሕፍት በአንዱ አንብቤው ነበር። ዳሩ ግን ወረቀት ላይ ያለ ነገር አይጮህም። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በመቀሱና በካውያው መካከል፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሆነው ስሰማው ግን ጮኸብኝ።

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «ይሁን፣ እውነት ይሁን። አውቀን ምን እንጠቀማለን? ‹ዘራቸው ሕመም አለበት› ተብለን በየሰዉ አፍ ልንገባ? የእቴቴ ሴቶች ልጆች ሁለቱም ገና አላገቡም። ማን በራቸውን ያንኳኳል? ዝም አይነቅዝም ልጄ።»

«ይነቅዛል፣ አባባ። እንዲያውም ሲነቅዝ ድምፅ የለውም።»

አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ «ሱሪዬ ደረሰ?» አለ። «ነገ!» አለ ልብስ ሰፊው ሳያየው። ሰውየው የሦስታችንን ፊት አይቶ ቃል ሳይጨምር ተመለሰ።

እኔ ጭንቅ ያዘኝ። ብናገር የሰው ምሥጢር ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ይህች ልጅ ለሥራ ብላ እንዳልመጣች ቦርሳዋን የጨበጡት ጣቶቿ እየነገሩኝ ነው። «አንተ ምራኝ» አልኩ በልቤ ለፈጣሪዬ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ መሐላ ሰውን ለመጠበቅ ነው እንጂ ሰውን ለማጥፋት አልተሰጠም» አልኩት።

«የምን መሐላ ነው የምታወራው አንተ?» ብሎ አምባረቀ። ወዲያው ግን ወደ ኮምፔንሳቶው ዞሮ፣ እንደገና ወደ እኔ አየ። ያ ስስ ግድግዳ ስንት ነገር እንዳሳለፈ ያኔ የገባው መሰለኝ። አንገቱን ደፋ።

«የምን መሐላ ነው?» አለች ልጁ።

አባቷን አየች፤ እኔን አየች። ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እንግዲህ እኔ ልጀምር። ለሥራ ነው ያልኩት ውሸት ነው። ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቻለሁ። ሐኪሙ ‹በአንቺ ዕድሜ አብዛኛው እብጠት ክፉ አይደለም። በቤተሰብሽ ካለ ግን ከርመን እንይ አንልም፤ ነገውኑ ናሙና እንወስዳለን› አለኝ። እኔም ‹የለም፤ አክስቴ የሞተችው በልብ ነው› ብዬው ወጣሁ። ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እቴቴ ስታቅፈን ለምንድን ነው ሁልጊዜ በቀኝ ጎኗ ብቻ የነበረው?»

ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ጠቀለለው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው።

«ሩዝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጥጥ ብቻ ሲሆን ቀለላት። በግራ በኩል የምታስገባውን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሌላ ከተማ ሄዳ ግራ ጡቷን አስቆርጣ መጣች፤ ዘግይታ ነበር። በኋላ በሌላውም በኩል ብቅ ሲል ‹ሐኪም ቤት ስገባ ሰው ያየኛል› አለች። እኔም እሺ አልኳት። ሸፈንኩላት። ሙያዬ ነውና አሳምሬ ሸፈንኩላት፤ ሊያድናት የሚችል ሰው እንኳ እንዳያይ አድርጌ።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ሄዳ አጠገቡ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋን ከትከሻው አስጠጋች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ። ለሙት የተማለ መሐላ ይፈታል?»

«እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ ጋሼ። ግን እቴቴ ያስማለችዎ እፍረት ፈርታ ነው። አሁን ባለችበት እፍረት የለም። ይህችን ልጅ በአንድ ጎኗም ቢሆን አቅፋ ያሳደገቻት እሷ ናት። ዛሬ ብትጠየቅ ‹ዝም በል› የምትል ይመስልዎታል?»

የጠቀለለውን ሜትር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ምን ይደረጋል አሁን?» ብሎ ልጁን ጠየቃት። ድምፁ የተቃዋሚ ድምፅ አልነበረም።

«ነገ ናሙናው ይወሰዳል። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ የእኔም የእርስዎም ደም ይመረመራል። የእርስዎ ደም ውስጥ ያ ጉድለት ከተገኘ የእቴቴ ልጆችም ይመረመራሉ። ያልወረሰችው አርፋ ትተኛለች። የወረሰችው ደግሞ ሳያማት በየጊዜው እየታየች፣ ቢመጣ እንኳ በእንጭጩ ይያዝላታል፤ በጊዜ የተያዘ ብዙ ጊዜ ይድናል። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚመጣ አይደለም፣ አባባ። በዘር የሚመጣው ግን አስቀድሞ ‹መጣሁ› ብሎ ይናገራል። እኛ ነን አፉን የምንይዘው።»

ይህን የጻፍኩት ገመና ለማውጣት አይደለም። በየቤቱ «በልብ ነው»፣ «በድንገት ነው» ተብለው የተቀበሩ ብዙ እቴቴዎች አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የምንሰማው ስለ ታማሚው ብቻ ይመስለናል። የዘር ነገር ሲሆን ግን አንዱ የደበቀው ሌላውን መድኃኒት ያሳጣዋል፤ ያውም ገና ያልታመመውን።

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ የስፌት መኪናውን አለበሰ፤ የካውያውን ሶኬት ነቀለ። ኮቴን እንደተተረተረ መስቀያው ላይ ሰቀለው።

«ኮትህ ነገ አይደርስም» አለኝ። «ነገ ከሐኪሙ ፊት ቀርቤ የእቴቴን ነገር በራሴ አፍ እነግረዋለሁ፤ ክንዴንም እሰጣለሁ። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስወጋ ኖሬ፣ አንድ ቀን እኔ ብወጋ ምን አለበት?»

ልጁ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ዕንባዋ መጣ። እሱ ግን ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ የእቴቴ ልጆች ዘንድ እንሄዳለን። አንቺ ከጎኔ ቁጭ በዪ እንጂ ነገሩን እንዳትጀምሪ። የማልኩት እኔ ነኝ፤ የምነግራቸውም እኔ ነኝ።»