እንቁላል በኪሴ

እናንተዬ፣ የተራራ ብስክሌቴ የፊት ሞላ ተበላሽቶ ጠጠር በነካ ቁጥር ክንዴን ሊገነጥለው ሲደርስ፣ አሰላ ውስጥ ያላዳረስኩት ጥገና ቤት የለም። ሁሉም ገና ሳያዩት "ቀላል ነው!" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ሳያይ ቀላል ነው የሚል ሰው ያስፈራኛል። ሞተር ሳይክል የሚጠግኑት ጋሽ ከድር ብቻ ጎንበስ ብለው አገላብጠው አዩና "እንዲህ ዓይነቱን ፈትቼ አላውቅም፤ ግን ልሞክረው" አሉኝ። ብስክሌቴን እዚያው ትቼላቸው ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ከጎረቤት ሱቅ አንድ እንቁላል አምጥተው የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተቱና "በል፣ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ንዳ!" አሉኝ። ሞላው ከፍ ዝቅ እያለ፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ ወርጄ ተመለስኩ። እንቁላሉን ደህናውን ሳወጣው ጋሽ ከድር ነጠቁኝና ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት።

"ማሻ አላህ!" አሉ እየሳቁ። "እኔኮ ቅያሪ ሸሚዝ ከቤት ይዤልህ መጥቼ ነበር!"