ዳማ ያልገባበት ስብሰባ

ባጃጆች ጭቃውን ፈርተው በቀሩበት በዚያ ዝናባም ከሰዓት፣ አቶ አሳምነው ከነድንች ጆንያቸው ዳንግላ ገበያ ዳር ቆመው ግራ ቀኝ ሲያዩ አንዲት ጋሪ ብቻ ቀርታ አገኙ። የክንዴ ጋሪ።

ክንዴን ደግሞ ከስምንት ቀን በፊት ለአሥራ አምስት ቀን ከጋሪ ተራ ያገዱት ራሳቸው ናቸው። አቶ አሳምነው የጋሪ ነጂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። እንጅባራ ሦስት ቀን ሰልጥነው በተመለሱ ማግስት አባላቱን ሰብስበው ስለ ነፃነት፣ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ ተመሪዎች ፈቃድ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩ። በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ክንዴ እጁን አወጣ። «ጋሪ ተራ አለው፤ ሊቀመንበርነቱስ ተራ የለውም ወይ?» አለ። ስብሰባ በማወክ ታገደ።

አሁን ግን ምን ያድርጉ? ወጡ። ክንዴ ጆንያውን ራሱ ጫነላቸው፣ ሸራውን ስቦ ጉልበታቸውን ሸፈነላቸው፣ «ቤዛዊት ባሕር ዳር ሥራ ያዘች አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎ ጋሼ» አላቸው። ቤዛዊት ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥያቄ የምታበዛ፣ እሳቸውም በዚሁ የሚኮሩባት። አቶ አሳምነው ደስ አላቸው። ክንዴ እገዳውን ረስቶታል ብለው ተመቻችተው ተቀመጡ።

ጋሪው ሲንቀሳቀስ ክንዴ ከፈረሱ ጋር ወግ ጀመረ። በአማርኛ። ልብ በሉ፣ ዳማ ጥሊሊ አካባቢ ካለ ገበሬ የተገዛ ፈረስ ነው፤ «ሂድ»ም «ቁም»ም በአገውኛ ካልሆነ አይገባውም። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ አቶ አሳምነውም ያውቃሉ።

«ዳማዬ... እንዴት ዋልህ? ዝናቡ ጥሩ ነው፣ አይደል? ለሣሩ ጥሩ ነው። ድንቹም ዘንድሮ አምሮበታል... ለመሆኑ አንተ ያለፈው ስብሰባ ላይ ለምን ቀረህ? ቀረብህ! አንድ ትልቅ ሰው አስተማሩን። ስማቸው ምን ያደርግልሃል? እንዲህ ያለ ሰው ይከበራል እንጂ ስሙ አይጠራም። እንዴት ያለ አንደበት መሰለህ! ‹ሰው ሁሉ ነፃ ሆኖ ተፈጥሯል› ሲሉ እንባዬ መጣ። ‹ማንም ያለ ፈቃዱ አይገዛም› አሉ። ያኔ አንተን አሰብኩህ... ልጓም ሳገባልህ ፈቃድህን ጠይቄህ አውቃለሁ? አልጠየቅሁህም። ምን ላድርግ ወንድሜ፣ እኔ አልሰለጠንኩም።»

አቶ አሳምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«‹ማንም ሐሳቡን ሳይፈራ ይናገር› አሉ ደግሞ። ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ይኸው እኔ ተናገርኩ፤ አሁን የምፈራው ነገር የለም። የሚወሰድብኝ ሥራ አለኝ እንዴ? ... ድምፅ ሲሰጥ ብታይ! የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ፣ ወጣ። የሚቃወም ሲባል እኔ ብቻ አወጣሁ። ለካስ የታገደ ሰው ድምፅ የለውም! እገዳዬ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ... ‹ሥልጣን አንድ ሰው እጅ አይከማች፣ ይከፋፈል› ብለውም ነበር። ተከፋፈለ። ከሳሽ እሳቸው፣ ዳኛ እሳቸው፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ የእህታቸው ልጅ። ሦስት ቦታ ነው እኮ... ከዚህ በላይ እንዴት ይከፋፈል?»

አቶ አሳምነው ከስልጠናው ያመጡት ኮፍያ ከነጽሑፉ በስብሷል። «በቃ፣ አንተ ልጅ!» ሊሉ አሰቡ። ግን እንዴት ይበሉ? ቃል ቢተነፍሱ ያ ሰው እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ለፈረስ የተነገረን ነገር ማን ነው ለእኔ ነው የሚል? ተናደዱ፤ መናደዳቸውንም ዋጡት።

«ድሮ ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› ይባል ነበር። ‹ያ ቀርቷል፣ ዛሬ ከሕግ በላይ ማንም የለም› አሉን። ደስ ብሎኝ ሽቅብ አየሁ... ሰማዩ ግን እስከ ዛሬ የሚያርሰው አላገኘም። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›ም ይላሉ። እኒህ ሰው ግን የሚቆጫቸው ነገር የለም። ለምን በለኝ... የሚሽራቸው የለማ!»

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ የክንዴ ድምፅ ዝቅ አለ።

«አንተ ግን ከፍቶሃል፣ አይደል? ፉርሽካህ ካለቀ አራት ቀኑ። እመቤት ለልጆቹ ቆሎ ካስቀመጠችው ገብስ ከፍላ ስትሰጥህ አፈርኩ። ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ... እኔም ከፍቶኛል ዳማ። ጥያቄ ነበር እኮ የጠየቅሁት። ‹ጥያቄ ያለው?› ሲባል የምር መስሎኝ!»

አቶ አሳምነው ጫማቸውን እያዩ ነበር። እገዳውን ለማንሳት አንድ ቃል እንደሚበቃ ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን ከየት ይምጣ?

«ይሁን... ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እኔም እንዳንተው ነኝ፣ አልዋጋም... አደርሳለሁ። ብቻ አደራህን፣ የታገደ ጋሪ ላይ ሰው ወጥቷል ብለህ እንዳታወራ። ደንቡ ‹የታገደ ጋሪ የተሳፈረ አባል እኩል ይታገዳል› ይላል። ያቺን አንቀጽ ያስጨመሩት እኒያው ትልቅ ሰው ናቸው። ቢሰሙ ይቆጣሉ፤ ለማንም ፊት አያዳሉም። የራሳቸውን ፊት እንኳ ቢያገኙት ይቀጡት ነበር... መስተዋት አጥተው ነው እንጂ።»

ደረሱ። ክንዴ ለዳማ በአገውኛ አንድ ቃል ጣል ሲያደርግለት ፈረሱ ቀጥ አለ። ጆንያውን አውርዶ በራፉ ላይ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ አስቀመጠላቸው። አቶ አሳምነው ዓይኑን ሳያዩ ሒሳቡን ዘረጉ።

«ይተዉት ጋሼ። የታገደ ሰው ሒሳብ አይቀበልም፤ እኔ ደንብ አከብራለሁ። ይልቅ ልመርቅዎት። ታናሽ ታላቁን አይመርቅም ነበር... ሰው ሁሉ እኩል ነው ከተባልን ወዲህ ግን ሳይፈቀድልኝ አይቀርም።»

አቶ አሳምነው ምርቃት ሲሰሙ ሳያስቡት የሚጎነበሱ ሰው ናቸው። የበሰበሰ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው።»

«አሜን።»

«ቤትዎን በበረከት ይሙላው።»

«አሜን።»

«ቤዛዊትንም በሄደችበት ይከተላት። ከክፉ ሰው ይሰውራት። እንጀራዋን ይባርክላት... አለቃም ሲሰጣት፣ ልክ እንደ እርስዎ ያለውን መርጦ ይስጣት።»

«አሜን» አሉ አቶ አሳምነው። ምርቃቱን ልብ ያሉት ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።