ሆን ተብሎ የሰፋ ቀዳዳ

የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተ ሰሞን፣ ከቱላ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን የፓርኩን የቧንቧ ሠራተኛ አፋጠጡት።

«ልጄ እዚያ ልብስ ትሰፋለች። የእሳት ማጥፊያው ቧንቧ ግድግዳውን ያለፈበት ቀዳዳ እጅ ያስገባል አለችኝ። ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«እኔ ነኝ የበሳሁት፣ አባባ። ሆን ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«መሬት ከተንቀጠቀጠ ግድግዳው ይወዛወዛል። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ቧንቧውን ይሰብረዋል። ያኔ እሳት ቢነሳ ውሃ የለም።»

«ውሃው ሁልጊዜ እዚያ ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል። ጣሪያው ላይ ያለውን መርጫ ሙቀት ሲነካው ራሱ ይረጫል።»

«ከልጄ አናት ላይ?»

«አዎ፣ ከአናቷ ላይ።»

«መሬቱ ባይንቀጠቀጥስ?»

«ያኔማ ቀዳዳው የተበላሸ ሥራ መስሎ ይኖራል።»

«አይከፋህም?»

«እንደዚያ ቢኖር ደስ ይለኛል፣ አባባ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ፣ ወሬያቸውን እንዳላቋርጥ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።