ሳጥን ሠሪው እናቱን ያለ ሳጥን ቀበረ

(ደሴ፤ አናጢው እንድሪስ ሱቁ ውስጥ ለሬሳ ሳጥን ጣውላ ይልጋል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤቱ መንበሩ ወረቀት ዘርግቶ ፊቱ ቆሟል።)

መንበሩ፦ ፈርምልኝ አልኩህ እኮ!

እንድሪስ፦ አልፈርምም። ገና ነህ።

መንበሩ፦ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ስለ እስልምና ተማርኩ! የመስጊዱ ሼህ ሙሔ እንኳ «ይበቃሃል፣ በጥያቄ ገደልከኝ» ብለውኛል።

እንድሪስ፦ የእድሩ ሽማግሌዎች የፈረዱብህ «የእንድሪስን ሃይማኖት ተምረህ፣ እሱ ራሱ ልክ ነው ብሎ ይፈርምልህ» ብለው ነው። ሼሁ እስኪደክማቸው አላሉም።

መንበሩ፦ እስከዚያ ከእድር ታግጃለሁ! አማቴ ጣር ላይ ናቸው። ዛሬ ቢያርፉ ድንኳን የሚተክልልኝ እንኳ የለም።

እንድሪስ፦ ይህን ያኔ ማሰብ ነበር። እናቴ ቀብር ላይ ምን ነበር ያልከው? እስቲ ድገመው።

መንበሩ፦ ተው እንድሪስ።

እንድሪስ፦ ድገመው!

መንበሩ፦ «ለክርስቲያኑ ሁሉ ሳጥን የሚሠራ ሰው ለእናቱ አንድ ጣውላ ነፈጋት። ጥድፊያውስ? ገና ሳትበርድ!» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እንድሪስ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በል መልስ፤ ለምን ያለ ሳጥን?

መንበሩ፦ ሰው ከአፈር መጥቶ ወደ አፈር ነዋ የሚመለሰው። ሀብታሙም ለማኙም በነጭ ከፈን እኩል ይሄዳል። መቻኮሉም ለክብር ነው፤ ደግ ሰው መልካም ቦታው እየጠበቀው መንገድ ላይ አይጉላላም። እኔ ግን... እናትህ እማማ ዘሃራ በየፋሲካው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ከሰው ሁሉ ቀድመው ነበር ቤቴ የሚደርሱት። አፈርኩ እንድሪስ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

እንድሪስ፦ ...እሱስ ልክ ነው።

መንበሩ፦ ታዲያ ፈርማ!

እንድሪስ፦ ቆይ እንጂ። ዘካ ላይ ትንሽ ትደናገራለህ።

መንበሩ፦ አንተስ? የአስር ሶላት አዛን ካለ ስንት ጊዜው፤ እዚህ ከእኔ ጋር ትነታረካለህ።

እንድሪስ፦ ገና ሰዓት አለኝ! ይኸው ደግሞ ሙአዚን ሆነህ አረፍከው።

መንበሩ፦ ሌላም ተምሬያለሁ። ወንድምን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ ለእናንተ ክልክል ነው። እኔን ካኮረፍክ ስንት ቀንህ ነው?

እንድሪስ፦ ይህን ደግሞ ማን ነገረህ?

መንበሩ፦ ሼህ ሙሔ ናቸዋ! «እምቢ ካለህ ይህችን ምዘዝበት» ብለው አስታጥቀውኝ ነው የመጣሁት።

እንድሪስ፦ እሱ እኮ... እሱ ለወንድም ነው።

መንበሩ፦ ደግ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ አጥር ተደግፈን ኖረናል። እንግዲያው «መንበሩ ወንድሜ አይደለም» ብለህ ጻፍና ከሥሩ ፈርም። እሱንም ቢሆን ለእድሩ ሽማግሌዎች ይዤላቸው እሄዳለሁ።

እንድሪስ፦ ...ወዲህ በለው ወረቀቱን። ይኸው፣ «ልክ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ሁለተኛ ግን ሃይማኖቴን እንዳታጠና፤ ማኩረፊያ አሳጣኸኝ!